ቀለበቱን ሸፍናችሁ ቅመሱት፦ የሲጋር አቀማመስና አመዛዘን

ሰፈራችን ውስጥ ኩባ ተምረው የመጡ አንድ ጋሼ አሉ። ከኦጋዴኑ ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። ያደጉት ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት ነው። ዛሬም ስፓኒሽ ሲናገሩ እጃቸው አብሮ ይናገራል።

አንድ ጊዜ ከውጭ የገባ ዘመድ አንድ ሳጥን ሲጋር አመጣልኝ። ክዳኑ መስታወት ነው። ውስጥ የተደረደሩት ሲጋሮች ቢጫና ጥቁር የወረቀት ቀለበት አጥልቀው ያብረቀርቃሉ። «ኮሂባ» ይላል፤ የታወቀው የኩባ ሲጋር ስም ነው። ሁለቱን አጭሼ ለጓደኞቼ «አቤት ጣዕም!» ብዬ አወራሁ። ሦስተኛውን ለጋሼ ላስቀምስ ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ።

ጋሼ ሳጥኑን አልከፈቱትም። በመስታወቱ አዩትና ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ኩባ ኮሂባን በመስታወት ክዳን አትሸጥም።» ከዚያ አንዱን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። ውስጡ ብጥስጣሽ ነው፤ የመጥረጊያ ጫፍ የመሰለ የቅጠል ጅማትም አለበት። እኔ ስቀምስ የነበረው ቀለበቱን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሲጋር የምቀምሰው ቀለበቱ ተሸፍኖ ነው። አሠራሩን ላሳያችሁ።

ከሁሉ በፊት

ሲጋር ስል ሲጋራ ማለቴ አይደለም። የማወራው በእጅ ስለተጠቀለለው፣ ወረቀት ስለሌለበት፣ ሁለንተናው ቅጠል ስለሆነው ነው። ጭሱ አይዋጥም። አፍ ውስጥ ይያዛል፣ ይቀመሳል፣ ይወጣል። የሲጋር ጭስ ኒኮቲኑን በአፍ ቆዳ በኩልም ያስገባል፤ ስለዚህ ባትውጡትም ይይዛችኋል። «ስለማይዋጥ አይጎዳም» የሚባለው ወሬ ነው። የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። የማያጨስ ሰው ይህን አንብቦ እንዲጀምር አልፈልግም። ይህ የተጻፈው አልፎ አልፎ አንድ ለሚለኩስና የከፈለበትን ማወቅ ለሚፈልግ አዋቂ ነው።

ሕጉም አለ። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም። ሆቴልም ሆነ ባር ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር ማጨስ ክልክል ነው። ስለዚህ ቦታችን የየቤታችን በረንዳ ነው።

በእጃችሁ የያዛችሁት ምንድን ነው?

ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። ውጪ የሚታየው ሽፋኑ ነው፤ ኩባዎች ካፓ ይሉታል። ከሥሩ ያለው ማሰሪያው፣ ካፖቴ ይባላል። መሃሉ ሙሌቱ ነው፤ ስሙ ትሪፓ፣ ትርጉሙም አንጀት። ጋሼ የዚያን ቀን የቀደዱት አንጀቱን ለማየት ነው። በጥሩ ሲጋር ውስጥ የሙሌቱ ቅጠል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። በርካሹ ውስጥ ቁርጥራጭ ነው።

ሙሌቱ አንድ ዓይነት ቅጠል አይደለም። ከተክሉ አናት ላይ የሚለቀመው፣ ፀሐይ የጠገበው ሊሄሮ ይባላል። ጉልበቱ ከእሱ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ጠቅላዩ መሃል ላይ ያደርገዋል። ከመካከል የሚለቀመው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል። ከታች ያለው ቮላዶ እሳቱ እንዳይጠፋ ያግዛል። እናቶቻችን ለበርበሬ ቅመም እንደሚመጥኑት ማለት ነው፤ ምጣኔው ሲዛባ ምላስ ላይ ያስታውቃል።

ስለ አገሩ ብዙ አልልም። የኩባ ታዋቂው መሬት ፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገር ያለው ቩኤልታ አባሆ ነው። የኒካራጓው ኤስቴሊ ቅጠል ብዙ ጊዜ የሚያቃጥል፣ በርበሬ በርበሬ የሚል ነው። የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሲጋር በአብዛኛው ለስለስ ይላል። ይህን ግን ለጊዜው እርሱት። ቀለበቱን የምንሸፍነው እንዲህ ያለውን ወሬ ለማጥፋት አይደል?

ለመለማመድ ሮቡስቶ የሚባለውን መጠን ምረጡ። ርዝመቱ 124 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ውፍረቱ 50 ነው። ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ስለሆነ 50 ማለት ወደ 20 ሚሊሜትር ይጠጋል። የኩባው ፓርታጋስ ሴሪ ዲ ቁጥር 4 በዚህ ልክ የተሠራ ነው። ሮቡስቶ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ቸርችል የሚባለው 178 ሚሊሜትር ነው፤ ለጀማሪ ምሽቱን ሙሉ ይበላል።

ሲገዛ

የኩባ ሳጥን ከሆነ ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ። «ኤቾ ኤን ኩባ»፣ ማለትም «ኩባ ውስጥ የተሠራ»፣ የሚለው ጽሑፍ በጋለ ብረት እንጨቱ ላይ የተተኮሰ መሆን አለበት፤ በቀለም የታተመ ከሆነ ተጠራጠሩ። አረንጓዴው የመንግሥት ማኅተም ወረቀትም ይኖራል። ሻጩ «ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድ አለኝ» ካላችሁ ደግሞ ሂዱ። ያ ዘመድ በሁሉም አገር አለ።

አሜሪካ ላላችሁ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ በኩባ ላይ የጣለችው ማዕቀብ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ወዲህ ደግሞ መንገደኛ የኩባ ሲጋር በሻንጣው ይዞ መግባት አይችልም። ሆኖም እዚያው ሱቅ ውስጥ ኮሂባ፣ ፓርታጋስ፣ ሞንቴክሪስቶ ተደርድሮ ታያላችሁ። እነዚህ ኩባ ውስጥ የተጠቀለሉ አይደሉም። ከኩባ አብዮት በኋላ ስሙ ለሁለት ተከፍሎ፣ በተመሳሳይ ስም ሌላ አገር የሚሠሩ ናቸው። ሐሰተኛ አይደሉም፤ ግን ሌላ ሲጋር ናቸው። የአክስት ልጅ «ኩባ ነው» ብሎ ከዋሽንግተን ሲልክ አለማወቁ ነው እንጂ ማጭበርበሩ አይደለም።

ማቆያ

ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። የአዲስ አበባ በጋ ደግሞ ያደርቀዋል። ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ከተውት ሽፋኑ እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል ይሰነጠቃል። የግድ ውድ የእንጨት ሳጥን አያስፈልግም። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ፣ ሽታ የሌለው የምግብ ዕቃና 65 ወይም 69 የሚል የእርጥበት ፓኬት ይበቃል። ዕቃው ሽሮ ይዞ የነበረ ከሆነ ግን ተዉት፤ ሲጋሩ ሽሮ ሽሮ ይሸታል። ሞክሬዋለሁ።

ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ያደርቃል። ሙቀት ያለበትም ቦታ አይሆንም። ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል በሙቀት ይፈለፈላል። ሽፋኑ ላይ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ካያችሁ ነቀዝ ነው። ከአውሮፕላን የወረደ ሲጋር ከመቀመሱ በፊት ሁለት ሳምንት ይረፍ።

ቀለበቱን መሸፈን

ሁለት የተለያዩ፣ መጠናቸው ግን አንድ የሆነ ሲጋሮች አዘጋጁ። ቀለበቱን አታውልቁ፤ ሙጫው ሽፋኑን ይዞት ሊመጣ ይችላል። ሌላ ሰው በቀለበቱ ላይ ነጭ ወረቀት ጠቅልሎ በፕላስተር ያጣብቅና 1 እና 2 ብሎ ይጻፍበት። የትኛው የትኛው እንደሆነ በሌላ ወረቀት ጽፎ ይደብቀው። እኔ ይህን የማሠራው ባለቤቴን ነው። ደስ ይላታል፤ ስሳሳት ማየት ትወዳለች።

ሁለቱን በአንድ ቀን አትቅመሱ። ምላስ ይደክማል፣ ሁለተኛው ይበደላል። በተለያየ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን።

የዕለቱ ዝግጅት

ባዶ ሆድ ክልክል ነው። ኒኮቲኑ ላብ ያጠምቃችኋል፣ ያጥወለውላችኋል። ይህ ከደረሰባችሁ ሲጋሩን አስቀምጡ፣ ተቀመጡ፣ ስኳር ያለው ነገር ጠጡ። ነገር ግን ክትፎ በሚጥሚጣ በልታችሁም አትምጡ፤ ምላሳችሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አይመለስም። ቀለል ያለ ምሳ፣ ከዚያ ትንሽ እረፍት።

ቡና እየተፈላ ያለበት ቤትም አይሆንም። ዕጣኑ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ሽቶ አትቀቡ። ሽንኩርት የከተፈ እጅ ሳሙና ይንካው። ለመጠጥ ውሃ ይሻላል፤ በየመሃሉ አምቦ ውሃ ብትጎነጩ አፍ ያጥባል። ሲጋርና ቡና በእርግጥ ይዋደዳሉ፤ ግን ያ ለመደሰቻ ቀን ነው። በምዘና ቀን ቡናው ለሲጋሩ ይዋሽለታል።

ማየትና መዳሰስ

ሽፋኑ ላይ ወፍራም ጅማት አለ? ቀለሙ አንድ ወጥ ነው? ትንሽ ቅባት ያለው የሚመስል ወዝ ጥሩ ምልክት ነው። በጣም የጠቆረ ሁሉ ኃይለኛ ነው የሚባለው ግን ስህተት ነው። ማዱሮ የሚባለው ጥቁር ሽፋን ረጅም ጊዜ ስለተብላላ የጠቆረ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጣፈጥ ይላል። ጉልበቱ ያለው በብዛት ከሙሌቱ ነው።

በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከእግሩ (ከሚለኮሰው ጫፍ) እስከ ራሱ (አፍ እስከሚይዘው ጫፍ) ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። እንደ ትኩስ ዳቦ ገባ ብሎ መመለስ አለበት። ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። አንድ ቦታ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ እዚያ ላይ ይታፈናል። አንድ ቦታ ባዶ ከሆነ እዚያ ሲደርስ ይግላል። ቦታውን ጻፉት፤ በኋላ ትንቢታችሁ ሲፈጸም ታያላችሁ።

ከዚያ አሽትቱ። እግሩን አፍንጫችሁ ሥር አድርጉ። ድርቆሽ፣ ጥድ፣ የፈረስ ኮርቻ፣ ዘቢብ፣ የምታውቁት ሁሉ ይምጣ። ሽንት ሽንት የሚል የአሞኒያ ሽታ ካለው ቅጠሉ ገና ነው፤ ወራት ይቆይ።

መቁረጥና ባዶውን መሳብ

ራሱ ላይ ቆብ የመሰለች ቁራጭ ቅጠል አለች። ከእሷ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቁረጡ። ቆቡ ካለቀበት መስመር ካለፋችሁ ሽፋኑ ይፈታል፤ እስኪያልቅ ቅጠል ከከንፈር ስትለቅሙ ትከርማላችሁ። የተሳለ መቁረጫ ይሁን፣ ቁርጡም ባንድ ጊዜ። በጥርስ መንከስ ለፊልም ይቆይ።

አሁን ሳትለኩሱ ሳቡት። ይህ ከሁሉ የምወደው ምርመራ ነው። ጁስ ቤት የአቮካዶ ጁስ በስትሮ ስትስቡ ጉንጫችሁ ይገባል አይደል? ሲጋሩ እንደዚያ ካስቸገረ ጠብቆ ተጠቅልሏል። ውሃ በስትሮ እንደ መሳብ ከቀለለ ደግሞ ላልቷል፤ ፈጥኖ ይነዳል፣ ይግላል፣ ይመርራል። የምንፈልገው የማንጎ ጁሱን ነው። ጥቂት ይከብዳል፣ ግን ይመጣል።

መለኮስ

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ያስቸግራል። እንደ ችቦ የሚነፋው የጋዝ ላይተር ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ብዙ ጊዜ አልነሳም ይላል። የእኔው ቆላ ወርዶ ይሠራል፣ እዚህ ሲመጣ ይኮርፋል። ተራ ላይተር ወይም ረጅም ክብሪት ያዙ። ክብሪት ከሆነ የድኙ ሽታ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ሻማና ጧፍ አይሆኑም፤ ሰሙ ይሸታል።

እሳቱ ሲጋሩን አይንካ። ከእሳቱ በላይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እያዟዟራችሁ አሙቁት። ዙሪያው ሲጠቁር አፋችሁ ላይ አድርጉና እያዞራችሁ በቀስታ ሳቡ። ከዚያ ገልብጣችሁ እግሩን እፍ በሉት። ፍሙ ሙሉ ክብ ከሆነ ጨርሳችኋል። ጥቁር የቀረ ጎን ካለ አሁኑኑ አስተካክሉት። በኋላ አንድ ወገን ብቻ እየነደደ እንደ ታንኳ የሚጎደጎደው አብዛኛው ሲጋር እዚህ ላይ የተቸኮለበት ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ሲጋር በሦስት ሲሶ ነው የሚቀመሰው። እኔ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እላቸዋለሁ። ልዩነቱ፣ ቡናው እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሲጋሩ ደግሞ እየወፈረ ይመጣል። ቅባቱና ኒኮቲኑ አፍ ወደሚይዘው ጫፍ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ነው።

በደቂቃ አንዴ ሳቡ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። መጀመሪያ ስማር እንደ ሲጋራ አከታትዬ ስስብ ጋሼ ጉልበቴን መታ ያደርጉኝ ነበር። «ትራንኪሎ!» ረጋ በል ማለት ነው። ሲቸኮል ፍሙ ይግላል፣ የቅጠሉ ስኳር ያርራል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀመሰው ምሬት ብቻ ነው። ጥሩ ሲጋር በጥድፊያ የተነሳ መጥፎ ነጥብ ሲያገኝ ብዙ አይቻለሁ።

ጭሱን አፋችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰከንድ አቆዩት፣ ምላሳችሁ ላይ አንከባልሉት፣ አውጡት። አምስት ጊዜ በሳባችሁ ቁጥር አንዴ፣ ከአፋችሁ ካለው ጥቂቱን ብቻ በአፍንጫ አውጡ። ሳንባ አይገባም፤ ከጉሮሮ ጀርባ ተመልሶ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ቀን ዓይን ያስለቅሳል። ነገር ግን ምላስ የሚያውቀው ጣፋጭ፣ መራራ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማና የመሳሰሉትን ጥቂት ነገሮች ብቻ ነው። ቁንዶ በርበሬውን፣ ኮረሪማውን፣ የጥዱን እንጨት የሚለየው አፍንጫ ነው።

ስም ስትሰጡ ከማታውቁት አትዋሱ። ሳጥኑ ላይ «ሴዳር» የሚል ሊኖር ይችላል። ያደግነው ግን በጥድ አጥር ነው፤ ጥድ ብላችሁ ጻፉ። የተቆላ ገብስ፣ የጠጅ ቤት ሽታ፣ የጌሾ ምሬት፣ ዝናብ የመታው አቧራ፣ አዲስ ጫማ ከካርቶን ሲወጣ። ከስድስት ወር በኋላ ማስታወሻችሁን ስታነቡ አፋችሁ የሚያስታውሰው ይህን ነው።

ከኔ ደብተር አንዱን ልገልብጥላችሁ፦

«ቁጥር 2። ሳይለኮስ፦ ድርቆሽ፣ ትንሽ ዘቢብ። አሳሳብ፦ ማንጎ። አቦል፦ ቁንዶ በርበሬ፣ በአፍንጫ ሲወጣ አስነጠሰኝ። ቶና፦ በርበሬው ጠፋ፣ የገብስ ቆሎ መጣ፣ ከዚያ የተቆላ ቡና። በረካ፦ ጌሾ፣ ግን አይጎመዝዝም። 22 ደቂቃ ላይ ወደ ግራ አዘመመ፣ ራሱ ተስተካከለ። አመድ ሁለቴ ወደቀ፣ አንዱ ሱሪዬ ላይ። 58 ደቂቃ።»

ለውጥ መኖሩን ልብ በሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት የሆነ ሲጋር መጥፎ አይደለም፤ ግን ይሰለቻል።

አመዱና እሳቱ

አመዱን እንደ ሲጋራ በየጊዜው አታራግፉ። 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር እስኪሆን ይቆይ፣ ከዚያ መተርኮሻው ላይ አስደግፉት፣ ራሱ ይወርዳል። ጸንቶ የሚቆም አመድ ሙሌቱ ሙሉ ቅጠል መሆኑን ይናገራል። ነጭ ስለሆነ ግን ጥሩ ነው አትበሉ፤ ቀለሙን በአብዛኛው የሚወስነው የአፈሩ ማዕድን ነው።

መሃሉ ነዶ ሽፋኑ ከቀረ ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ እርጥብ ነው፤ ወይ እናንተ ወሬ ይዛችሁ ረስታችሁታል። ከጠፋ ነውር የለውም። አመዱን አራግፉ፣ ወደ ውጪ እፍ ብላችሁ የታመቀውን ጭስ አስወጡ፣ እንደገና ለኩሱ። ሁለቴ ከጠፋ ነጥብ ቀንሱ። ዛሬ የጠፋውን ለነገ ማስቀመጥ ግን አይሆንም። በማግስቱ የሚሸተው እንደ ሌሊት ቤት መተርኮሻ ነው።

ጣታችሁን መለብለብ ሲጀምር አቁሙ። አትደፍጥጡት፤ አስቀምጡት፣ ራሱ ይሞታል። ሲደፈጠጥ ነው ክፉ የሚሸተው።

ነጥብ መስጠት

ከ100 ነው። ለመልክና ለአጠቃለል 15፣ ለአሳሳብና ለአነዳደድ 30፣ ለጣዕም 40፣ ካለቀ በኋላ አፍ ላይ ለሚቀረው 15። ለአሳሳብ ብዙ የሰጠሁት ሆን ብዬ ነው። ሲጋሩ ካልተሳበ ጣዕሙ የት ይገኛል? የመጨረሻውን 15 ለመስጠት አምቦ ውሃ ሳትጠጡ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ያኔ የቀረው ቡና ከሆነ መልካም፣ የከሰል አፍ ከሆነ ቀንሱ።

ሁለተኛውንም በሌላ ቀን በዚሁ መንገድ ቅመሱ። ነጥቡን በእስክሪብቶ ጻፉ፣ በእርሳስ አይደለም። ከዚያ ወረቀቱን ከቀለበቱ ላይ ላጡና የተደበቀውን መልስ አስመጡ።

እኔ መጀመሪያ ይህን ባደረግኩ ጊዜ ከኩባና ከኒካራጓ አንዳንድ ነበር። ቁጥር 1ን 91 ሰጥቼ «ይሄ ያለ ጥርጥር ኩባ ነው» ብዬ ለባለቤቴ አወጅኩ። ወረቀቱን ስትልጠው ኒካራጓ ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውም የሌላው ግማሽ አይሞላም። እስክሪብቶውን አንስቼ 91ዱን 81 ላደርገው ነበር። እጄን ያዘችኝ።